የባዶው ቤት ፊኛ

የፀሐይ ተራ ጨዋታ ሲቃረብ ጥላ ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ አውራ ጣቱን ቅቤ ይቀባል። ሊፍት ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ቅዳሴ መሀል ሳይቀር ጣቶች የሌለ ቁልፍ ሲደበድቡ ይታያሉ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው በአውራ ጣቱ ጉልበቱን ሲመታ ብታዩ ሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ልምምድ ነው። ሟቹም በሕይወቱ ሳለ እንደዚያው ያደርግ ስለነበር የሚቀየም የለም።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሕንፃዎቹ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስለቆሙ፣ ታች ያለው ሰው ፀሐይን የሚያገኛት ጣሪያ ላይ ያሉት መስታወቶች ተቀባብለው ሲያወርዱለት ብቻ ነው። መስታወቶቹ ደግሞ በአንድ ፎቅ ላይ የሚያበሩት ለአንድ በረንዳ ነው፤ ለአንድ ወቅት። ድሮ በዕጣ ነበር፤ ዕጣው ታማ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ከዕጣው የባሰ ታማ። በመጨረሻ ጣት ጉቦ አይበላም ተባለና ጨዋታ ሆነ።

ጨዋታው «ፌሽታ» ይባላል። የአያቶቻችን ልጆች ሶፋ ላይ ተደርድረው፣ እየተጓሸሙና እየተሳሳቁ ይጫወቱት የነበረው ዓይነት ነው። ቀለሙ ያው ነው፣ ሙዚቃው ያው ነው፣ የሚዘሉት እንስሶችም ያው ናቸው። ሳቁ ብቻ ቀርቷል።

አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ አራት በሮች አሉ። አንደኛው የትርሲት ነው። ትርሲት ሥራዋ ለማታውቃቸው ሰዎች እየደወለች ቀጠሯቸውን ማስታወስ ነበር፤ አሁን ግን አራስ ናት። ባሏ መርከበኛ ነው፤ ልጁን ፌበንን ያያት በስክሪን ብቻ ነው። ልጅቷ ዓይኗ ትልልቅ፣ ፀጉሯ ችምችም ያለ፣ እንቅልፏ የሰላም ነው። እግሮቿ ግን ደስ አይሉም።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሕፃኗን አገላብጣ አየቻትና እግሮቿን በመዳፏ ይዛ ጫን ጫን አደረገቻቸው።

«ጠብታውን እየሰጠሻት ነው?»

«አላቋረጥኩም።»

«አልያዘላትም ማለት ነው። አጥንቷ እየለሰለሰ ነው፤ ፀሐይ ያስፈልጋታል። ይሄ ወቅት ካለፋት መቆም ስትጀምር እግሯ ይጎብጣል።»

«ሲስተር፣ የፎቃችንን ፀሐይ ሁልጊዜ የምታሸንፈው ምንትዋብ ናት'ኮ።»

ሲስተሯ ቦርሳዋን አነሳች። ሰፈሩን ታውቀዋለች፤ ሜዳው ሩቅ እንደሆነና የመንገዱ አየር ለአራስ ልጅ እንደማይሆን ታውቃለች። «እንግዲያው ጣትሽን አሰልጥኚ» አለቻት፣ ክኒን እንደምታዝ ሁሉ።

ምንትዋብ ሁለተኛው በር ናት። ጣቷ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ነው፤ ሲወርድ እንጂ ሲነሳ አይታይም። በምታሸንፈው ፀሐይ በርበሬ ታሰጣለች፤ ሕንፃው በሙሉ የሚበላው የእሷን በርበሬ ነው። ሰዎች ወጣቸውን እያጣቀሱ «አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል» ይሏታል፤ ከዚያ ደግሞ ይጨምራሉ። ክፉ ሴት ግን አይደለችም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጎረቤቷን እትዬ ስንዱን «ኑ ትንሽ ሙቁ» ብላ ወደ በረንዳዋ ጠርታቸው ነበር። እትዬ ስንዱ አንድ እግራቸውን ከደፉ አሻግረው ብርሃኑ ውስጥ ከማሳረፋቸው ብርሃኑ ድርግም አለ። ፀሐይዋ ቤተሰብ ትለያለች፤ በቤቱ ስም ያልተመዘገበ ሰው ከገባ ተሰብስባ ትሄዳለች። የእንግዳው እግር ሲወጣ ብቻ ነው የተመለሰችው። የዚያን ቀን እትዬ ስንዱ ራሳቸው እንዳጠፉ ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ።

እሳቸውና ባላቸው ጋሽ ወርቅአፈራሁ በሦስተኛው በር ይኖራሉ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። እትዬ ስንዱ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ጋቢ ቢደረብ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ቢጠለቅ እግራቸው አይሞቅም። ሐኪሙ መድኃኒት ማዘዙን ትቷል።

አራተኛው በር ተቆልፎ የሚኖር ነው። ባለቤቱን ያየ የለም። ፌሽታ ግን አራት ተጫዋች ካልሞላ ስለማይጀምር፣ ለባዶው ቤት ማሽኑ ራሱ ይጫወትለታል። ለወግ ያህል፣ ቀስ እያለ፣ ቁልፉን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። አሸንፎ አያውቅም፤ ያሸንፋል ብሎ ያሰበም የለም።

ትርሲት መለማመድ ጀመረች። ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ እያጠባች በሌላኛው እጇ የጨዋታውን ጆይስቲክ ትደበድባለች። ሽሮው እየተንተከተከ፣ ስልክ እያወራች፣ ፊቷን እየታጠበች ትደበድባለች። ልጅቷም ድምፁን ለመደችው፤ ጣቱ ሲቆም ትነቃለች፣ ሲቀጥል ትተኛለች። ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ የሚያካፋ ዝናብ ያለ ይመስል ነበር። የትርሲት አውራ ጣት መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ጠነከረ፣ ከዚያ የራሷ መሆኑ ቀረ። እንዲያም ሆኖ ከምንትዋብ ጣት ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ እሷም ታውቀዋለች፤ እያወቀችም ታለቅስ ነበር።

ጨዋታው ሊደርስ ሲል ጋሽ ወርቅአፈራሁ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የምንትዋብን በር አንኳኩ። ገቡና ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

«አልቀመጥም። የመጣሁት ለሽምግልና ነው። እሺ ካላልሽኝ እንደቆምኩ እመለሳለሁ።»

ምንትዋብ ነገሩ የገባት መሰላት፤ ለእትዬ ስንዱ ሊለምኗት ነው ብላ አሰበች። «ይንገሩኝ» አለች ቀዝቀዝ ብላ።

«የዚያችን ሕፃን እግር አይተሽዋል። በርበሬሽ ለአንድ ወቅት ይቆይና ጨዋታው መጨረሻ ላይ ፊኛው ሲመጣ እጅሽን ሰብስቢ። እኔም እሰበስባለሁ። ልጅቷ ታሸንፍ።»

«ለልጅቷ ነው የመጡት?»

«ለልጅቷ።»

ምንትዋብ ብዙ ቆማ አየቻቸው። ሽማግሌ ቆሞ እንደማይመለስ እሷም ታውቃለች። «እሺ፣ ይቀመጡ» አለች በመጨረሻ። ተቀመጡ። ሻይ አቀረበችላቸው፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት አወሩ፤ ነገሩን ዳግም አላነሱትም።

እሳቸው እንደወጡ ግን ምንትዋብ ሆዷ አልቻለምና ወደ ትርሲት ቤት ሮጠች። «ስሚ» አለቻት በሩን ሳትዘጋ፣ «ሰውየው ሚስታቸውን አልጋ ላይ ትተው ላንቺ ልጅ ለመኑ። እኔ እጄን እሰበስባለሁ። አንቺ ብቻ ጫኚ፣ ሌላ ምንም አላስቸግርሽም።»

ትርሲት ደስታዋ ፊቷ ላይ ወጣና መልሶ ገባ። «እትዬ ስንዱስ?» አለች።

«እሱን አትጠይቂኝ።»

በማግስቱ ትርሲት እትዬ ስንዱን ልትጠይቅ ገባች። ክፍሉ እንደሌላው ክፍል ሁሉ ቀንም አምፖል ይበራበታል። እትዬ ስንዱ የሕፃኗን ጉንጭ ሲነኩ ጣታቸው እንደ ጠዋት ውሃ ነበር፤ ልጅቷ ደንግጣ ፊቷን አዞረች። «ይቅርታ እናቴ፣ በረዶ ሆኛለሁ» አሏት ለሕፃኗ፣ እየሳቁ። ስለ ጨዋታው አላነሱም። ትርሲትም አላነሳችም። ስትወጣ ግን ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሳህን አጥበው እየደረደሩ አየቻቸው፤ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

የጨዋታው ቀን አራቱ በሮች መሀል ያለው ኮሪደር ላይ ዱካ ተደረደረ። አንደኛው ዱካ ባዶውን ነው። ትርሲት ልጇን አዝላታለች። ግድግዳው በራ፤ ኮሪደሩ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ የጨዋታው ሣር እግራቸው ሥር ድረስ መጣ። አሥራ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰዎች ሰማያዊ ሰማይ የሚያውቁት እዚህ ሣር ላይ ነው። ደመና ሳይቸኩል ያልፋል። የሆነ ቦታ፣ ሩቅ፣ ሰው የማያፏጨው ፉጨት ይሰማል። ሲጫወቱ የሚመጣ ዓይነት መደንዘዝ አለ፤ የራስህን ጉልበት አይተህ የማን ነው ትላለህ።

ምንትዋብ አውራ ዶሮ ነበረች፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ አህያ፣ ትርሲት ኤሊ። የባዶው ቤት ተጫዋች ሰው ነው፤ ፊቱን ግን የሳለለት የለም። ግንድ ዘለሉ፣ ዓሣ ቀለቡ፣ ድንች በማንኪያ ይዘው ሮጡ። ይሄ ሁሉ ማሟሟቂያ ነው። የሚቆጠረው ፊኛው ነው።

ፊኛው መጣ። ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ ሣሩ ላይ እንደ ተጣለ ሻርፕ የተኛ። ሕጉን ሕፃን ያውቀዋል፤ ቁልፉን በደበደብከው መጠን ፊኛህ ይነፋል፣ ሲሞላ ይዞህ ይነሳል፣ ከሜዳው በላይ የተዘረጋውን ቀይ ጥብጣብ መጀመሪያ የነካ ወቅቱን ይወስዳል። ደወሉ ተደወለ።

ምንትዋብ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ትርሲት ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች፤ አልጫነችም። ከእሷ በፊት አባት የሚሆኗት ሰው ተቀምጠዋል። መሶብ ሲቀርብ ታላቅ ሳይቆርስ ማን ይቆርሳል? አንዴ ይጫኑ፣ ብቻ አንዴ፣ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ ብላ ነበር ያሰበችው።

«ጋሼ፣ ይጀምሩ» አለች።

«አንቺ ጀምሪ ልጄ።»

«እርስዎ እያሉ?»

«በሞቴ፣ ጀምሪ።»

«ኧረ እኔ ልሙት! ለወግ አንዴ ይንኩትና…»

«አይሆንም አልኩ'ኮ። በስንዱ ሞት!»

«እሳቸውንማ አይጥሩብኝ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ።»

በዚህ መሀል ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ነበር። ሁሉም ይሰሙት ነበር፤ ሁልጊዜ ያለ ድምፅ ስለሆነ ማንም አላደመጠውም። ፊት የሌለው ሰው ፊኛ ሞልቶ፣ ጫማው ከሣሩ ተላቆ ነበር። እግሩን አንጠልጥሎ፣ ሳይቸኩል፣ በሰማያዊው ውስጥ ወደ ላይ ይሄዳል።

«ጫኑ እንጂ እናንተ!» ብላ ጮኸች ምንትዋብ። «ሰውየው እየሄደ ነው!»

ትርሲት ያን ጊዜ ነቃች። ጣቷ ወረደ። ኮሪደሩ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ድምፅ ሞላ። እንደዚያ ቀን ተጭና አታውቅም፤ እንደዚያ የተጫነ ሰውም ያየ ያለ አይመስለኝም። ፊኛዋ ተነፋ፣ ኤሊዋ ከነድንጋይ ልብሷ ብድግ አለች፣ ሣሩ ራቀ፣ ዛፎቹ ከእግሯ በታች ሆኑ። ነፋስ ፊቷን ሲመታት ተሰማት። ጀርባዋ ላይ ያለችው ልጅ አልከበዳትም፤ አብራት የምትወጣ መሰላት። ጥፍሯ ሥር ደም መጣ፤ አላየችውም። የፊት የለሹን ሰው ጫማ ደረሰችበት፣ ጉልበቱን ደረሰችበት፣ ትከሻው ጋ ደረሰች። ጎን ለጎን ሆኑ። ዞር ብሎ አያት፤ ማለቴ የሚያይበት ፊት ቢኖረው የሚያይ በሚመስል ዓይነት ዞረ። ጥብጣቡንም በአናቱ ነካው።

ሙዚቃው ፈነጠዘ። ወረቀት ከሰማይ ዘነበ። «እንኳን ደስ አለህ፣ አራተኛ በር!» አለ ግድግዳው፣ ለባዶው ዱካ።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተነሳም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ምንትዋብ፣ እጆቿን ከጭኗ ሥር አውጥታ እያየቻቸው። እነዚያ እጆች ባይታሰሩ ኖሮ ምን ይሠሩ እንደነበር እሷ ብቻ ነበር የምታውቀው።

«ጋሼ፣ ምነው አንዴ ቢጫኑ?» አለች ትርሲት። ተቆጥታ አልነበረም፤ ለመቆጣትም አቅም አልነበራትም።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። «አንዴ ከጫንኩ አላቆምም ብዬ ፈራሁ» አሉ። «ስንዱን አስቤ።»

ወቅቱ ባተ። በመጀመሪያው ጠዋት ብርሃኑ ከጣሪያ መስታወት ወደ ማዶው ሕንፃ፣ ከማዶው ወደዚህ ተወርውሮ መጣና አራተኛው በረንዳ ላይ ተዘረጋ። አናጺዎች ትተውት የሄዱት አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አቧራና የእርግብ ላባ ሙቀው ወርቅ ሆኑ። ትርሲት በረንዳዋ ላይ ልጇን ይዛ ቆማ ታያለች። «ይሉኝታዬ ልጄን ሰበራት» አለች ጮክ ብላ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሰው ምን ይለኛል ስል እግሯን ሸጥኩት።» ልጅቷ ዓይኗን ወደሚያበራው ነገር አድርጋ ነበር።

ምንትዋብ ደግሞ ፀሐይ በከንቱ ስትፈስ ማየት አልሆነላትም። ፀሐይ ስትባክን ከሚያይ ውሃ ሲባክን የሚያይ ይሻለዋል ትላለች። በረንዳዋ ከባዶው በረንዳ አጠገብ ነው፤ መሀሉ አንድ ርምጃ የማይሞላ ክፍት ነው፤ ታች ግን አሥራ አራት ፎቅ ነው። የአሮጌ ቁምሳጥን መዝጊያ አወጣችና ከአንዱ የበረንዳ መደገፊያ ወደ ሌላው አጋደመችው። በርበሬ የሞላ ሰፌዷን ራሷ ላይ አድርጋ ወጣችበት።

«ምንትዋብ! አብደሻል?» ጮኹ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ከወዲያ።

«ዝም ይበሉኝ፣ ሚዛኔን ያስቱኛል!»

ተሻገረች። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ብርሃኑ እስኪጠፋ ጠበቀ። ምንትዋብም ጠበቀች፣ ዓይኗን ጨፍና። ብርሃኑ አልጠፋም። ራሷ ላይ ነበር፣ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ በርበሬው ላይ ነበር። አንድ ዓይኗን ገለጠች፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

«አልሄደችም!» አለች። «ጋሼ፣ ፀሐይዋ አልሄደችም!»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ አገጫቸውን ያዙ። «በየት ብላ ትሄዳለች?» አሉ ቀስ ብለው። «ቤተሰብ የሌለው ቤት እንግዳ በምን ያውቃል።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ትርሲት በምንትዋብ ቤት አቋርጣ እየሮጠች መጣች። አልጠየቀችም፣ ተራ አልጠበቀችም፣ ይቅደሙ አላለችም። መዝጊያው ላይ በጉልበቷ ሄደች፤ ከኋላዋ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ደርሰው ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልለው አቀበሉ፣ ምንትዋብ ተቀበለች። ትርሲት የፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ገለጠቻት። ፌበን ፀሐይን ስታያት አነጠሰች። ሁሉም ሳቁ። እነዚያ የለሰለሱ እግሮች ብርሃኑ ውስጥ ተዘረጉ፤ ትርሲት ቅባት በመዳፏ አሙቃ ቀባቻቸው፣ ከጭን እስከ ጣት፣ ቀስ እያለች። ዓይኗን ስትጨፍን ብርሃኑ ከዓይኗ ቆብ በታች ቀይ ሆኖ ይታያት ነበር። ሌላ ነገር ሁሉ ሩቅ ነበር።

ትንሽ ቆይታ «ጋሼ፣ እትዬ ስንዱን እናምጣቸው» አለች።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ መዝጊያውን አዩ፣ ታች አዩ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እሷ ከአልጋዋም አትነሳ። እናንተ ሙቁ» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ትርሲት ቅር አላት፤ ቅርታዋም ፀሐይ ላይ እንዳለች አልለቀቃትም። ብርሃኑ ሊያልፍ ሲል ልጇን ጠቀለለቻት። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። ሦስተኛውን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች።

እትዬ ስንዱ እንደ ሁልጊዜው በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ያያሉ። ትርሲት ምንም ሳትል ጋቢውን ገለጠች፣ ፎጣውን ፈታች፣ ልጇን እርቃኗን ደረታቸው ላይ አስተኛቻት። መልሳ ሁለቱንም በጋቢው ሸፈነቻቸው።

እትዬ ስንዱ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ መጣና የሕፃኗን ጀርባ አገኘ፣ ወደ እግሮቿ ወረደ፣ እዚያ ቆመ። አፍንጫቸውን ጸጉሯ ውስጥ ቀበሩ።

«ትቃጠላለች'ኮ!» አሉ። «ይህቺ ልጅ ፀሐይ ውጣ ነው የመጣችው።»

«ውጣ ነው» አለች ትርሲት።

«እዩዋት፣ ትራገጣለች! ኧረ ሆዴን መታችኝ!» እየሳቁ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። «ነገም ታመጪልኛለሽ?»

«በየቀኑ ነው የማመጣት። ሳይጠሩኝ ነው የምመጣው።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ የአልጋው እግር ጋ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ፣ ለሽምግልና እንደመጣ ሰው። እትዬ ስንዱ አዩዋቸው።

«ወርቄ፣ ና እጅህን አምጣ። ፀሐይዋን ቅመሳት።»

«ቆይ፣ አንቺ መጀመሪያ ሙቂ።»

«አይ አንተ ሰው፣ ዛሬም?» አሉና የባላቸውን እጅ ጎትተው የሕፃኗ ጀርባ ላይ አሳረፉት።